ካልተነገራቸው አይገድሉም

፩

አይገድሉም።

ተመራማሪዋ እናትነሽ ላቦራቶሪዋ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያየችው ይህንን ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ከካንሰር ዕጢው ሴሎች ጎን ተኮልኩለዋል። ጭራሽ አንዳንዶቹ ዕጢውን ይመግቡታል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ከሌባ በምን ይሻላል?

፪

ከዚያ ኢንተርፌሮን ጋማ ጠብ አደረገችባቸው። መልእክተኛ ፕሮቲን ነው፤ ሥራው መናገር ብቻ። በማግስቱ ዘበኞቹ ዕጢውን ከበው መርዝ ሲረጩበት አገኘቻቸው።

አቅሙ ድሮም ነበራቸው። የነገራቸው አልነበረም።

፫

ቃለ ጉባኤ፤ መስከረም፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር።

ሐኪሙ፦ አባታችሁ ጉበታቸው ላይ ዕጢ አለ። ገና ትንሽ ነው፤ አሁን ሕክምና ከጀመሩ ተስፋ አለው። ማን ይንገራቸው?

ታላቅ ወንድሟ፦ ማንም። ከሰማ በድንጋጤ ይሞትብናል።

እናትነሽ፦

(የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። ዝም አለች።)

፬

አባቷ አቶ ደምለው ግን ጠየቋት።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ምንድን ነው ያለብኝ?»

«ጨጓራ ነው አባዬ።»

«ለጨጓራ ብዬማ ጤፌን ሜዳ ላይ አልጥልም» አሉና አገራቸው ደጀን ገቡ።

፭

አንባቢ ሆይ፣ እሷን ለመራገም አትቸኩል፤ ይህ ነገር አንተም ቤት አለ። ሰው ሲሞትብን መርዶውን በሽማግሌ፣ በወጉ እንነግራለን። ለታመመው ሰው ግን የገዛ ሕመሙን እንነፍገዋለን፤ ስሙንም ፍቅር እንለዋለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሰውን በሽታ ከራሱ ከሰውየው ስለደበቁ ዘመዶች የተተረተ ተረት ግን እኔ አላውቅም።

፮

ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ገባ። አቶ ደምለው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ተመለሱ። ሐኪሙ የጉበታቸውን የምርመራ ፊልም አየ፤ ቀጥሎ እናትነሽን አየ።

«ሦስት ወር ሙሉ» አለ።

እነዚያን ሦስት ወራት እሷ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሴል መልእክት ስታደርስ ነበር የከረመችው። ራሷን ጠላች።

፯

የቀረው እነዚያን ዘበኞች የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት ነው፤ ቢዘገይም ይሞከር ተባለ። ታማሚው ግን የሕመሙ ስም የተጻፈበትን የስምምነት ቅጽ መፈረም አለበት።

አቶ ደምለው እስክሪብቶውን ያዙና ወረቀቱን ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጉት።

«መነጽሬን ረስቼዋለሁ፤ እስቲ አንብቢልኝ። መቼም አንቺ አትዋሺኝም።»

እናትነሽ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ማንበብ ጀመረች።

«እኔ ደምለው አንዳርጌ፣ ሕመሜ

__________________

መሆኑ ተነግሮኝ፣»