የመስመሩ ጭራ

ውሃው ዛሬም አልቀላም። የውሃ ቢሮ ሠራተኛዋ ሙቲንታ ጠርሙሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ክሎሪን ቢኖረው ኖሮ፣ የጨመረችው እንክብል እንደ በሰለ ዘይቶን ሆድ ያቀላው ነበር።

"ስትመጪ ይሄ ሦስተኛሽ ነው" አለቻት የክሊኒኩ አዋላጅ ናሞንጄ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ። "በዚህ ውሃ ሕፃን አላጥብም። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ማዋለጃውን እዘጋለሁ።"

"ሲስተር፣ ከታንከሩ ሲወጣ እኮ ንጹህ ነው!"

"እንግዲያው ታንከሩ ሥር ሄደሽ ውለጂ።"

ሙቲንታ ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። ግራ የገባትን ነገር ትታ መሄድ ግን አትችልበትም። ከመንገዱ ራስ ጀምራ በየግቢው ቧንቧ እያስከፈተች ለካች። ገበያው ጋ ውሃው ደማቅ ሮዝ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ፈዘዘ። አምና የተዘጋውን የጡብ ፋብሪካ ካለፈች በኋላ ጭራሽ ቀለም የለም። ለፋብሪካው ተብሎ የተቀበረው ወፍራም ቧንቧ አሁን የሚያጠጣው ክሊኒኩንና አራት ቤቶችን ብቻ ነው።

ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ አጥሩ ሥር፣ ቦዩ ዳር የተተከለው ዱባ ደርቆ አየች።

"ይሄን ማን ነበር የሚያጠጣው?"

"ማንም። አርብ አርብ የቢሯችሁ ሽማግሌ ባ ካሶንዴ ውሃ ሲለቁ ይደርሰው ነበር" አለች ናሞንጄ። "አንድ ምቀኛ ከስሶ አስባረራቸው እንጂ።"

ሙቲንታ ፊቷ ጋለ። ምቀኛዋ እሷ ነበረች። ከሦስት ወር በፊት፣ በድርቁ መሀል፣ ሽማግሌው ውሃ መንገድ ላይ ሲደፉ ፎቶ አንስታ "ብክነት" ብላ ለቢሮው ጽፋለች።

ባ ካሶንዴን በረንዳቸው ላይ የበቆሎ ገንፎ ንሺማቸውን በካፔንታ ዓሣ እያጠቀሱ አገኘቻቸው።

"ደግሞ ፎቶ ልታነሺኝ ነው?"

"ለምን ያፈሱ እንደነበር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ቧንቧ ውስጥ የተኛ ውሃ መድኃኒቱ ያልቅበታል። የመስመሩን ጭራ ከፍተሽ አሮጌውን ካላስወጣሽ አዲሱ አይመጣም።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ደብተሯን አወጣች። "ስንት ደቂቃ ነው የሚፈሰው?" አለች።

"እኔ በሰዓት አልሠራም። እጅሽን ትዘረጊያለሽ፤ ተኝቶ የሰነበተ ውሃ ይሞቃል። ሲቀዘቅዝልሽ ትዘጊያለሽ።"

የቢሮው ፈቃድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ማዋለጃው የሚዘጋው ሰኞ ነው። ሙቲንታ ማፍሰሻውን የሚከፍተውን ረጅም የብረት ቁልፍ ከመኪናው አወረደች፤ ሽማግሌው እጃቸውን እንኳ በወጉ ሳይታጠቡ ተከተሏት።

ክሊኒኩ አጥር ሥር ያለው ማፍሰሻ ሲከፈት ቡናማ ውሃ እየከረፋ ቦዩን ሞላው። ወዲያው ባልዲ የያዙ ሴቶች ከበቧቸው።

"እኛ በፈረቃ እየቀዳን እናንተ ትደፋላችሁ!"

"ማን ፈቅዶላችሁ ነው?" አለ አንድ ጎልማሳ፣ ስልኩን ደግኖ። "ስምሽን ተናገሪ!"

ባ ካሶንዴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "በእኔ ስም ይሁን። የተባረረን ሰው ምን ያደርጉታል?"

ሙቲንታ ቀና ብላ ስልኩን አየችው።

"ሙቲንታ ሃምባዪ። ከውሃ ቢሮ። የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

ጎንበስ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ገና ሞቃት ነው። ቁልፉን አንድ ዙር ጨመረችለት።