አራት ጠርሙስ ቤንዚን

ሦስት ቀን ሙሉ ምን እየጠበቅሁ ነበር? እናቴ ጠይቃኛለች። አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠይቃኛለች። እኔም ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን አላገኘሁትም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ የአክስቴ ባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራውን አጣ። አፌን ብከፍት ኖሮ አያጣም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ታክሲ ተራ ነው። ትምህርቴን ውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ ያመለከትኩባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «እንደውልልሃለን» ብለው ቀርተዋል። ቤት መቀመጥ አልሆንልህ ስላለኝ የእናቴን አሮጌ መኪና ይዤ እዞራለሁ። መዞሩ ሲሰለቸኝ ተራው ጋ አቁሜ የሹፌሮቹን ወሬ እሰማለሁ። ወሬያቸው ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ የትኛው ማደያ ቤንዚን ይሻላል?

«የድልድዩ ቤንዚን ውሃ ነው፤ ዳገት ላይ ያስለቅስሃል» አለ አንዱ።

«ያንተ መኪና ቁልቁለትም ላይ ታለቅሳለች» አለው ፍሬቻ። ፍሬቻ የተባለው በሕይወቱ ፍሬቻ አብርቶ ስለማያውቅ ነው።

«የመናኸሪያው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።»

«የአደባባዩ ርካሽ ነው። ለምን እንደረከሰ ግን ባለማደያው ነው የሚያውቀው።»

«መለካት ይቻላል እኮ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ የከረምከው ቤንዚን ልታሸትልን ነው?» አለ ፍሬቻ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ከተመለስኩ ወዲህ እኔ የማውቀውን ነገር የፈለገ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

መለኪያው ነበረኝ። ከሻንጣዬ ሥር በካልሲ ጠቅልዬ ያመጣሁት ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው። ፈሳሽ ውስጥ ሲያቆሙት፣ ፈሳሹ ከበድ ያለ ከሆነ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ቀለል ካለ ዝቅ ይላል። ቤንዚን ላምባ ሲቀላቀልበት ይከብዳል፤ ዘንጉም ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አልመሰለኝም።

በሰፈራችን ዙሪያ ያሉት ማደያዎች አራት ናቸው፤ የድልድዩ፣ የመናኸሪያው፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውና የአደባባዩ። የአክስቴ ባል የሚሠራው አደባባዩ ጋ ነው። ሹፌሮቹ ጋሽ ሊትሮ ይሉታል፤ ሲቀዳ ጠብታ አያጎድልም፣ ጠብታ አያፈስም። ቀጂዎቹን የሚያዘው እሱ ነው፤ ቦቴ ነዳጅ ይዞ ሲመጣ ቆሞ የሚያራግፈው፣ ከመሬት በታች የተቀበረውን የነዳጅ ጋን ቁልፍ የሚይዘውም እሱ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ልማር ስሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመው ጋሼ ነው።

ምን ላደርግ እንዳሰብኩ ስነግረው ደስ አለው። «ሰኞ ማለዳ ና» አለኝ፤ «ሰልፍ ሳይኖር ራሴ እቀዳልሃለሁ። የኛ ቤንዚን ይለካ፤ አገር ይወቀው።»

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ሄድኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጋሼ ጠርሙሱን በቤንዚን ሁለት ጊዜ አለቀለቀው፤ ሞላው፤ ትከሻው ላይ በነበረው ጨርቅ ወልውሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ቤት ተመልሼ በጓዳው ሲሚንቶ ላይ ለካሁት፤ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ሰልፍ፣ መናኸሪያው ጋ ሰልፍ፣ ሆስፒታሉ ጀርባ ደግሞ ቀጂው ምሳ ወጥቷል። ሦስቱ ጠርሙሶች ከኋላ ወንበር ላይ ፀሐይ ሲጠጡ ውለው ከሰዓት በኋላ ቤት ገቡ። ስለካቸው ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኑ። የአደባባዩ ብቻ ከብዷል፤ ያውም በደንብ።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ በኩል የማደያው ቦታ፣ በመሐል የሊትሩ ዋጋ፣ በዳር ጥራቱ። በአደባባዩ ትይዩ «ዋጋው ዝቅተኛ፤ ላምባ ሳይቀላቀልበት አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጋሼ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አሰብኩ፤ እንዲያውም «ዘመድ ነው ብዬ ካለፍኩት መማሬ ምኑ ላይ ነው?» ብዬ በራሴ ኮራሁ። ሠንጠረዡን በሹፌሮቹ የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት።

ሳይመሽ ከተማውን አዳረሰው። ፍሬቻ «ዶክተር፣ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈ። ዶክተር አይደለሁም። አላረምኩትም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በአደባባዩ አለፍኩ። ሁልጊዜ እስከ መንገዱ የሚተርፈው ሰልፍ የለም። ጋሼ እጁን ወደኋላ አጣምሮ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ብቻውን ቆሟል። ጥሩንባ ነፍቼ ሰላም ልለው አስቤ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገባሁ። ጠርሙሶቹ እንደቆሙ ነበሩ። የአደባባዩን አንድ ጊዜ ልየው አልኩ፤ ለማጣራት ሳይሆን ያገኘሁትን ነገር መልሼ በማየት ልደሰት ነው። ዘንጉን አስገባሁት። ዝቅ አለ። ሦስቱንም ደግሜ ለካሁ፤ አራቱም አንድ መስመር ላይ አረፉ።

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይቀላል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ይከብዳል። የጋሼን የለካሁት በማለዳ ብርድ ነው፤ የሌሎቹን ፀሐይ ካሞቃቸው በኋላ። አሁን ሁሉም እኩል ለብ ብለው አራቱም አንድ ሆኑ። ይህ የመጀመሪያ ዓመት፣ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው። አስተማሪያችን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሙቀቱን ላልጻፈ ተማሪ ወረቀቱን ይመልስለት ነበር። ደብተሬን ገለጥኩ። ከቁጥሮቹ ጎን ባዶ ነው።

ስልኬን አንስቼ «ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ፍሬቻ ምን እንደሚል ታየኝ። አጠፋሁት። በሙቀት መለኪያ በደንብ ላረጋግጥ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ረቡዕ መለኪያውን ገዛሁ፤ አረጋገጥኩ። የአደባባዩ ቤንዚን ንጹሕ ነው፤ ከሁሉም የረከሰውም እሱ ነው። ረቡዕም ዝም አልኩ።

ሐሙስ እናቴ «አክስትህ ለእራት ጠርታናለች» አለችኝ፤ «ጋሼ ላይ ችግር መጥቷል።»

ጋሼ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር የጠበቀን። ከእራት በኋላ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ባለማደያው ላምባውን የቀላቀለው ማነው ይላል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ነገ ጠዋት ቃልህን በጽሑፍ ስጥ ብሎኛል።»

«ይቅርታ ጋሼ፤ የኔ ነገር...»

«ኧረ አንተማ ያገኘኸውን ነው የጻፍከው። ደግ አደረግህ፤ ዘመድ ነው ብለህ ብትደብቅ ነበር የማዝንብህ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ቦቴው ሲራገፍ ቆሜ አይቻለሁ። ላምባ ከየት ይገባል? አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ።»

አክስቴ ሳህን ይዛ ቆመች። እናቴ ታየኛለች፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ኩራት ከተመለስኩ ወዲህ አይቼው አላውቅም። «ላምባ የለም» ማለት ሁለት ቃል ነው።

«ምናልባት» አልኩ፣ «ሲራገፍ ለአፍታ ዞር ብለህ ይሆናል። የቦቴው ሰዎች ተንኮለኞች ናቸው።»

ጋሼ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ስልክ ተደውሎልኝ ነበር» አለ። «የደወለችው ልጄ ናት፤ ጫጫታ ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼ አወራሁ። ውነትህን ነው። ሌላ መቼ ሊሆን ይችላል?»

«እኔ ስልኩን ጣለው እያልኩት ነው» አለች አክስቴ ለማሳቅ ያህል። ጋሼ ግን እፎይ ያለ መሰለ፤ ቀን ከሌት ሲፈልገው የነበረውን ዕቃ እንዳገኘ ሰው። የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እርማቱን ግሩፑ ላይ ለቀቅኩ። ምን እንዳነሣሣኝ አላውቅም፤ ጀግንነት ግን አይደለም። ወዲያው ወደ አደባባዩ ነዳሁ። ባለማደያው በመስታወት ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ ሁሉንም አስረዳሁት፤ ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«እንግዲያው ቤንዚኔ ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው።»

«ጻፍልኝና ፈርምበት፤ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።»

«የአክስቴ ባልስ?»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አሳየኝ። የጋሼ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ ተራርቀው የቆሙ። «ቦቴው ሲራገፍ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ከሁለት ሰዓት በፊት መጥቶ ሰጠኝ» አለ ባለማደያው። «እኔ አልጻፍኩለትም፤ አላስገደድኩትም። ላምባ ባይኖርም ጀርባውን ሰጥቷል። ቦቴ ሲራገፍ ዓይኑን የሚነቅል ሰው የጋን ቁልፍ እንዴት ልስጠው? ቁልፉን ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ።»

«እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት። ዞር ብለህ ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ስልኩንም አንተ ነህ ያወራህለት?» አለኝ።

በግሩፑ ላይ ፍሬቻ «ዶክተር፣ ሙቀት መለኪያውን ብብትህ ሥር ረስተኸው ነው?» ብሎ ጻፈ፤ ሠላሳ ሰው ሳቀ። ከዚያ በላይ የመጣብኝ ነገር የለም። ሦስት ቀን የፈራሁት ይህንን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ታክሲዎቹ ወደ አደባባዩ ተመለሱ፤ ርካሽ ነዋ።

ከዚያ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አክስቴ በሩን በግማሽ ከፈተችው። «ተኝቷል» አለች። ጋሼ ቀን ተኝቶ አያውቅም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ሐሙስ እዚህ ቁጭ ብለህ ስትበላ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ምን ትጠብቅ ነበር?»

ትንሽ ጠብቃ፣ እንግዳ እንደምትሸኝ ሰው በሩን በቀስታ ዘጋችው።

መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ለጋሼ መልእክት ጻፍኩ። መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ስለ ሙቀትና ስለ ክብደት ብዙ ይዘባርቃል። ያንን ሁሉ አጠፋሁና ይህን አስቀረሁ፦ «ጋሼ፣ ቤንዚኑ ንጹሕ ነበር። ጀርባህን ብትሰጥም የጠፋ ነገር የለም። ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር፤ አፍሬ ዋሸሁህ። አምነኸኝ ነው የፈረምከው። ከፈቀድክልኝ ይህንኑ አንተ ባለህበት ለባለማደያውም ለሹፌሮቹም እናገራለሁ።» ላክሁት።

ወዲያው እንዳነበበው ስልኬ አሳየኝ። መልሱን መጠበቅ ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ።