የጎርፍ ተራ

ኢንጂነር መቅደስ ከጭቃው መካከል አንድ ብሎኬት አነሣች። ለአፍታ ቅርጹን ይዞ ቆየና እንደ ረጠበ ቂጣ በመዳፏ ላይ ተፈረካከሰ። ሌላ አነሣች፤ ያም ተፈረካከሰ። ዙሪያዋን የቆሙት የቀበሌው ሰዎች እጇን እንጂ ፊቷን ለማየት አልደፈሩም።

ታምሬ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። ሌላው ሰው ከነጭቃው ሲመጣ እሱ ብቻ እግሩን ታጥቦ መምጣቱን ያስተዋለው ከደረሰ በኋላ ነው።

ብሎኬቶቹ የሕዝቡ ልፋት ነበሩ። በጋውን ከኮረብታው ሥር አፈር እየቆፈሩ፣ እየነፉ፣ ጥቂት ሲሚንቶ እየቀላቀሉ በእጅ በሚጫን ማሽን ሲያትሙ ከርመዋል። መቅደስ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እንዳስረዳችው፣ ከዚህ አፈር የሚሠራ ወፍራም ግድግዳ የቆላውን የቀትር ሙቀት ውጭ ያስቀረዋል፤ ከጣሪያው ሥር በሚተወው ክፍተት ሞቃቱ አየር ይወጣል፤ ብርሃኑ ከላይ ይገባል፤ ማራገቢያም የቀን መብራትም የማይፈልግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሆናል። ሰዎቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት ግን ሌላውን ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ቆቦ ከተማ ወርዶ ቤት ተከራይቶ መማሩ ሊቀር ነው። የታምሬ ልጅ ዓይናለም ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሳለች።

ችግሩ ቦታው ነበር። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ታችኞቹ ማሳዎች የሚጠለፍበት ቦይ ብሎኬቱ በተደረደረበት ግቢ ጥግ ያልፋል። በራያ ቆላ ሰውን የሚያበላው ከዝናቡ ይልቅ ጎርፉ ነው። ተራራው ሲያጉረመርም ውኃ የመጥለፍ ተራ ያለው ሰው ከልቅሶ ቤት እንኳ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ማንም አይቀየመውም። ሽማግሌዎቹ ግን ብሎኬቱ ጠንክሮ እስኪነሣ ድረስ ቦዩ ከላይ በአፈር ግድብ እንዲዘጋ፣ የታችኞቹም ለዘንድሮ ተራቸውን እንዲተዉ ለመኑ። ማሳው ከታች ያለው ታምሬ ለመስማማት እጃቸውን ካወጡት የመጀመሪያው ነበር። ለልጆቻችን ነው ብሎ ሲናገር ተጨብጭቦለታል።

ትናንት ወደ ማምሻው ተራራው አጉረመረመ። ማሽላው በውኃ ጥም ቅጠሉን ጠቅልሎ ሰንብቷል። ታምሬ አካፋውን ይዞ ከቤት ሲወጣ የሚያደርገውን አላሰበም፤ እግሩ ነው የወሰደው። ግድቡ ጋ ሲደርስ ግን አስቦ ነበር። ዛሬ ለራሱ ሊክደው ያልቻለው ይህንን ነው። ትንሽ አፍ ብቻ ልክፈት፣ ማሽላው ከንፈሩን ያርጥብ፣ ወዲያው እዘጋዋለሁ አለ። ጎርፉ በትንሽ አፍ የሚመለስ አልነበረም። አካፋውን ከእጁ ሊነጥቀው ምንም አልቀረው፤ ግድቡን ገምሶ፣ ከቦዩ ሞልቶ ወደ ግቢው ተገለበጠ።

አሁን የሁሉም ዓይን በግድቡ ጠባቂ በኸይረዲን ላይ ነው። የታምሬ ጎረቤት ነው። ከሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎርፉ የመጣው እሱ ለመግሪብ ሶላት ወደ መስጊድ በሄደበት ሰዓት ነበር።

«ጎርፉ እስክትሰግድ ቆሞ የሚጠብቅህ መስሎህ ነው?» አለችው በጀርባዋ አፈር ስታመላልስ የከረመችው ቆንጅት። አንዳንዶች ሳቁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

«ሳቁብኝ፣ ይገባኛል» አለ ኸይረዲን። «ወላሂ፣ ቀን ስንጥቅ አይቼበት ነበር። ሰግጄ ስመለስ እደፍነዋለሁ ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ታምሬ ያን ስንጥቅ ያውቀዋል። አካፋው ከገባበት ራቅ ብሎ ያለ፣ ጭቃው ሲደርቅ የሠራው፣ ጣት የማያስገባ ነገር ነው። በዚያ በኩል ጠብታ አላለፈም። ኸይረዲን ያንን እያሰበ ዓይኑን ሳይከድን አድሯል፤ ታምሬ ደግሞ ማሳው ውስጥ ውኃው ሲንሿሿ እየሰማ ተኝቷል። መተኛቱ ከማፍረሱ ይልቅ አሳፈረው።

መቅደስ ሲሚንቶው ማለቁን፣ ሌላ እስኪመጣም ክፍሎቹ ለመስከረም እንደማይደርሱ በዝግታ ነገረቻቸው። ዓይናለም ከልጃገረዶቹ መካከል ሆና ሰማች፤ አንገቷን ደፋች። ከዚያ አንዱ፣ ኸይረዲን ከውኃ ተራ ይውጣ የሚል ሐሳብ አነሣ። ብዙዎች ደገፉት። ከውኃ ተራ መውጣት እዚህ አገር ማሳ ይዞ መራብ ነው።

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አያ ሞላ ምርኩዛቸውን አነሡ። ጠዋት ወጥተው ግድቡን አይተውት ነበር።

«ጎርፍ እየሸረሸረ ያሰፋል እንጂ ዳሩን እንደ ቢላ አይቆርጥም» አሉ። «እኔ ማንንም አልጠረጥርም። ግን የሰው እጅ ካለበት፣ ይህን ሰው በከንቱ ቀጥተን ኃጢአት እንዳንገባ አስቀድመን እንራገም።»

ክርስቲያኑም እስላሙም ተነሥቶ ቆመ። አሜን የማይል ሰው ይታወቃል፤ በሐሰት አሜን ያለውን ደግሞ ርግማኑ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ይባላል። ታምሬም ከሰዉ ጋር ቆመ።

«ውኃውን የለቀቀ እጅ» አሉ አያ ሞላ፣ «የዘራው አይብቀል።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ። የኸይረዲን ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ታምሬም አሜን አለ። ማሽላው ይድረቅ፤ ይገባዋል። እንዲያውም ሲለው ትንሽ ቀለል አለው።

«አይቶ የደበቀ፣ ዓይኑ ብርሃን አይይ።»

«አሜን።»

አያ ሞላ ትንፋሽ ወሰዱ። ታምሬ ቀጣዩን ያውቀዋል፤ ሲነገር እየሰማ ነው ያደገው። ዓይናለም ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አሜን ልትል ስትጠብቅ አያት።

«የወለደው…»

«አያ ሞላ» አለ ታምሬ። «እባክዎ አይጨርሱት።»

ርግማን በመሐል ሲቋረጥ ያየ ሰው አልነበረም። አያ ሞላ ምርኩዛቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ፊቶች ዞሩ። ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ሳይነጋገሩ ገለል አሉለትና እስከ ድንጋዩ ድረስ መንገድ ተከፈተ። ታምሬ ሄደበት። ከልጃገረዶቹ ወገን ያለውን ላለማየት ዓይኑን ከኸይረዲን ላይ አልነቀለም።

ኸይረዲን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠና ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ቦታ አበጀለት።

ድንጋዩ ለሁለት ሰው ጠባብ ነበር። ታምሬ ከፊቱ ቆሞ ቀረ።