አስር ከመቶ በረዶ

«ለላስ ቬጋስና አካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የአቶ ፈድሉ የጎማ ሰንሰለት ከጋራዥ ወጥቶ አቧራው የተራገፈ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ቅዳሜ በረዶ ይጥላል።»

ይህን በእድሩ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ራሱ ፈድሉ ነው፤ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሹትል የሚነዳው የደሴ ልጅ። ሰንሰለቱ መኪና በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የሚታሰር ነው። ስልኩ «ከካሊፎርኒያ በኩል ማዕበል እየመጣ ነው፤ ከተማው ላይ በረዶ የመጣሉ ዕድል አስር ከመቶ» አለው። ለፈድሉ ደግሞ አስር ከመቶ ማለት አለ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ቅዳሜ የእህቱ ልጅ የሱዓድ ሰርግ ነው፤ ያውም ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር፣ ሜዳ ላይ። ሙሽራዋን የሚነዳውም እሱ ነው፤ ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ሲቋምጥ ኖሯል። ማስታወቂያው እንደወጣ ግን ግማሹ ዕድምተኛ «እኔ በረዶ ላይ አልነዳም» ብሎ ቀረ።

ሽማግሌ ተላከ። በረዶ እንዲያስቀር ሽማግሌ የተላከበት ሰው ከፈድሉ በፊት ያለ አይመስለኝም።

«ፈድሉ፣ ልጄ» አሉ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ሶፋው ላይ ከተደላደሉ በኋላ። «ተሳስቻለሁ ብለህ ሰርዘው። ዘጠናው እኮ አይጥልም ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዲቪ ሲሞሉ ዕድልዎ ስንት ከመቶ ነበር?»

«አንድም አይሞላ።»

«ታዲያ እዚህ ሶፋ ላይ ማን ነው የተቀመጠው?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ ሶፋው ጫፍ ፈቀቅ አሉ።

«እዚህ አገር ሰው ከዚህ ባነሰ ዕድል ደሞዙን ካዚኖ አስረክቦ ይመጣል» ቀጠለ ፈድሉ፤ «በረዶ ሲሆን ነው ሒሳብ የምታውቁት?»

«እንግዲያው ቁርጡን ስማ። ካልሰረዝክ ሙሽራዋን የሚወስዳት ባለ ሊሞዚኑ ወንድይራድ ነው።»

ፈድሉ ስልኩን አነሳ። ጋሽ ሀብተሥላሴ እፎይ አሉ። ፈድሉም ጻፈ፦ «ቅዳሜ በረዶ ይጥላል።»

ቅዳሜ ሰማዩ እንደታጠበ ሰሃን ጠርቶ ነጋ። ማዕበሉ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከሙሽራዋ ደጅ ወንድይራድ የሊሞውን በር ከፍቶ ቆሟል። ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ፈድሉ ጎማዎቹን በሰንሰለት ጠፍንጎ፣ ደረቁን አስፋልት እየፈጨ መጣ። ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ።

ሱዓድ ቬሎዋን ሰብስባ ሊሞውን አልፋው ሄደች።

«አጎቴ፣ የኛን ዲቪ የሞላኸው አንተ አይደለህ? ክፈት።»

ከፈተላት። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሮጠው መስኮቱን ያዙ።

«ቆይ እንጂ! በዚህ ፀሐይ ሰንሰለት? ኧረ ለሰዉ አስረዳ!»

ፈድሉ ማርሽ አስገባ።

«አላስረዳም።»