ርግቦቹ የያዙት ቦታ

ደግሞ ያንኑ ይላታል፣ ቦታ የለም፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ የአርባ ሰው ማመልከቻ አንድ ባንድ አውጥታ ጥላለት አሁንም ቦታ የለም፣ አይ እንግዲህ! አስቻለች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ታፈጥበታለች፣ በዕድሜ ልጇን ሀይማኖትን የሚበልጥ ኮምፒዩተር፣ ጀርባው እንደ ጎታ የተነፋ፣ ምን በደልኩህ፣ ሦስት ገጽ ነው የጻፍኩት። ሦስት ገጽ።

ሴቭ አልል አለ፣ አትም ስትለው ሚሞሪ አይበቃኝም ይላል፣ አጥፍታ እንዳታበራው የባለጉዳይዋ የእትዬ ሰብሪያ ቃል እልም ብሎ ይቀራል፣ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ብልጭ ድርግም ብሏል፣ በስመ አብ። ዛሬ የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ማዶ ያለው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አስራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ካለፈ እርሻው ለባላቸው ወንድም ጸና ማለት ነው፣ እሳቸው ደግሞ ትናንት ከከላላ ተነስተው እዚህ አግዳሚዋ ላይ ኩርምት ብለዋል። ደረሰ ወይ ልጄ? ትንሽ ይታገሱኝ እትዬ። አብሽሪ፣ መጠበቅ ለምጃለሁ፣ ማሽንሽ እንደኔ አርጅቶ ነው? ከእርስዎስ ይብሳል!

አስራ አንድ ዓመት ስትጽፍ የሰው አቤቱታ ሰርዛ አታውቅም፣ ወረቀቱን ዝናብ ይመታዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ባለቤቱ ከዓመት በኋላ ይመጣና ያቺ ማመልከቻዬ አለች ወይ ይላል፣ አለች ስትለው ፊቱ ይበራል፣ ደግሞስ የሰው እንባ ይጣላል እንዴ? ዛሬ ግን ጣለች፣ በየስማቸው ይቅር በሉኝ እያለች፣ የወረኢሉው በሽር የበሬው ነገር፣ ይቅር በለኝ፣ ጣለች። ምንም።

ደሴ ያለው ጠጋኝ ጋሹ በስንት ጥሪ ስልኩን ያነሳል። እትዬ አስቻለች፣ ቅርጫቱን ባዶ አደረጉት? የቱን ቅርጫት? የጣሉት እኮ ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው፣ ከቤት አልወጣም፣ ቦታውን እንደያዘ ነው። ታዲያ አርባ ሰው በከንቱ ነው ይቅርታ የጠየቅሁት? ይስቃል፣ ይሳቅ፣ እሱ ምን አለበት። ዲስኩ ቢሞላ ሚሞሪው ምን ቤት ነው? ሚሞሪው ጠባብ ነው እትዬ፣ ሲከብደው ሸክሙን ዲስኩ ላይ ያሳርፋል፣ ዲስኩ ሲሞላ ማሳረፊያ ያጣል። ይሄስ ይገባታል፣ እንጨት ተሸክማ ያደገች ናት፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለችው ማሳረፊያ ድንጋይ ላይ ሌላ ሰው ተጎልቶ ሲቆይሽ ማለት ነው።

ቅርጫቱን ባዶ ያድርጉት በቃ። እሱንስ አላደርግም፣ ከቅርጫቱም ከወጡ አርባዎቹ አይመለሱም። እንግዲያው በመጠን ይደርድሩና ትልቁን ይዩት።

ደረደረች። ከሁሉ በላይ፣ የሀይማኖት የሠርግ ጥሪ። ዘጠና ሺህ ኪሎባይት። የበሽር በሬ፣ አስራ ዘጠኝ። መነጽሯን አወረደች፣ ዘጠና ሺህ ነው፣ ርግቦቹ ናቸው፣ እማ ርግብ ጨምሪበት፣ እማ ቀለበቱ ያብረቅርቅ፣ እማ ፎቶዬን መሀል ላይ፣ ጨመረች፣ ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨምር አደረች፣ ካርዱ ታትሞ ሲመጣ እስከ አቀስታ ለዘመድ አድላ አድላ ለራሷ አንድ አላስቀረችም፣ ማሽኑ ውስጥ አለልኝ ብላ። አለልኝ! የአንድ ቀን ሠርግ በአራት ሺህ ሰው አቤቱታ ቦታ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ እሷ ድሃ ታባርራለች።

ልጄ፣ ሰዓቱ።

ሺፍት ይያዙና ዲሊት፣ ቅርጫት ሳያይ ይሄዳል፣ ግን አይመለስም እትዬ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላታል ማሽኑ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አንተን ማን ጠየቀህ፣ እመብርሃን እጄን ያዢልኝ፣ ተጫነች።

ሴቭ አለ። እንዲያው በዝምታ፣ ምንም እንዳላደረገ። ማተሚያው አቃስቶ አቃስቶ ሦስቱን ገጽ ተፋ፣ እትዬ ሰብሪያ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ እየጫኑ፣ የኔ ነገር ከበደው እንዴ? የለም እትዬ፣ የእርስዎ ቀላል ነው፣ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነው። አላህ ይስጥሽ፣ ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው መንገዱን ሲሻገሩ መብራቱ ድርግም አለ፣ ይጥፋ፣ አሁን ይጥፋ፣ የመዝገብ ቤቱን በር አልፈው እየገቡ ነው።

መብራት ሲመጣ አርባዎቹን ከቅርጫቱ አንድ ባንድ ታወጣለች፣ በየስማቸው። ሀይማኖት ጋ አንድ ካርድ ተርፎ እንደሆነ ትጠይቃታለች፣ ባይተርፍም ግድ የለም፣ ሠርጉ እንደሆነ ተበልቶ አልቋል፣ በሽር ግን ስለ በሬው አንድ ቀን ይመጣል።