ኳሷን አታውርዳት

ኤልጁን ከማኒላ በአውቶቡስና በጀልባ ተጉዞ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ትከሻውን ነው። ድሮም ትንሽ ይጎብጥ ነበር፤ አሁን ግን የእኔን የዓሣ ቅርጫት ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ የዋለ ይመስላል። የቤታችንን በር ከፍ አድርጌ ያስቆረጥኩት ገና ልጅ እያለ፣ ግንባሩ ቁስል በቁስል ሲሆንብኝ ነው። ቀጥ ብሎ መግባት ይችላል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ገባ።

"በላህ?" አልኩት።

"በላሁ እማዬ።"

አልበላም። ሩዝና የተጠበሰ ደረቅ ዓሣ አቀረብኩለት። ዓሣውን ቆራረሰው እንጂ አልቀመሰውም።

ልጄ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአራት ሴንቲሜትር ነው። ማኒላ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚማረው ቅርጫት ኳስ ስለሚጫወትላቸው ነው። ያስተምሩታል፣ ያበሉታል፣ ያሳድሩታል። ከቡድኑ ከወጣ ግን ትምህርቱም አብሮ ያበቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው የተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ሲገባም ኳሷን ይነጥቁታል፣ ወይም ፈጣኖቹ ጥለውት ያልፋሉ፣ ወዲያው ያስወጡታል።

በጎልማሶች ክፍል ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ስለ እሱ የሚጻፈውን ስልኬ ላይ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። "ይሄ የመብራት እንጨት እንጂ ተጫዋች አይደለም" ይላል አንዱ። "እንጨቱን አትሳደብ፣ እሱ እንኳ መብራት ይይዛል" ይላል ሌላው። ከመካከላቸው አንድ ደግ ሰው ደግሞ "ሃያ ዓመቱ ነው እኮ፤ ረጃጅሞች ቶሎ አይደርሱም፣ ታገሡት እንጂ" ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነ አላውቅም። እሱን ግን ከመተኛቴ በፊት ደጋግሜ አነበዋለሁ።

"አሰልጣኝ ዴልፊን ምን አለህ?" አልኩት ሰሃኑን እያነሳሁ።

"በሰኔ እንነግርሃለን አለኝ።"

"ምኑን?"

"መቆየት አለመቆየቴን።" እጁን አየ። "ከአፍሪካ አንድ ልጅ አምጥተዋል። በቁመት እኩል ነን። እሱ ግን ይሮጣል።"

"ክፉ ነው?"

"ኧረ ጥሩ ልጅ ነው። ጫማዬ ሲቀደድ የራሱን ሰጠኝ።"

ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "አንተስ?" አልኩት። "ገና ታድጋለህ አይደል? በቁመት አይደለም፤ በጨዋታው ማለቴ ነው።"

እጁን ታጥቦ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ከጸሎት ቤቱ ፊት ወዳለው ሜዳ ሄደ። እኔም ዓሣዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩና እያጸዳሁ አየሁት። ከቅርጫቱ ርቆ ይቆማል። ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። ኳሷን አንድ ሁለት ጊዜ ያነጥርና ይወረውራል። አብዛኛው ይስታል። ሄዶ ያመጣታል፣ ተመልሶ ይቆማል።

"ለምንድነው ከዚያ ሁሉ ርቀት የምትወረውረው?" አልኩት። "እጅህን ብትዘረጋ ትደርስበት የለም እንዴ?"

"ዴልፊን ነው ያዘዘኝ። ከቅርጫት ሥር ብቻ የሚቆም ረጅም ሰው አሁን ማንም አይፈልገውም አለኝ። ማንጠርና ከሩቅ መወርወር ካልቻልኩ አለቀልኝ። በዚህ ዕረፍት ሌላ ነገር እንዳትነካ ብሎኛል።"

እኛ ያሳደግነው በሌላ መንገድ ነው። የእኛ መንደር ሰው አጭር ነው፤ አንድ የመንደራችን ልጅ በድንገት እንደ ኮኮናት ዛፍ ሲመዘዝ ምን እንደምናደርገው አላወቅንም። ወስደን ከቅርጫቱ ሥር አቆምነው። "እጅህን ስቀል! ኳሷን አታውርዳት!" እንለው ነበር። ዝቅ ካደረጋት ትንንሾቹ ይሞጨልፉታላ። ከፍ አድርጎ ከያዛት ግን ማን ይነካዋል? ዓሣ ሻጩ ይጮሃል፣ ቄሱ ከጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ሆነው ይጮሃሉ። ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ኤልጁን ይሰቅላታል፣ ይከታታል፣ መንደሩ በደስታ ይሰክራል። ኳስ ማንጠር ያስተማረው አንድም ሰው የለም። ለምን ብሎ?

የቅዱስ ኢሲድሮ ንግሥ ሊደርስ ሲል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳቱርኒኖ ቤቴ መጡ። በየዓመቱ በንግሡ ቀን ከጎረቤታችን መንደር ከቲናጎ ጋር የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ አለ። ያ ጨዋታ ከአሳማ ጥብሱም ከሰልፉም ይበልጣል።

"አንቺ ሉዝቪ! የመንደሩን ግንብ ቤትሽ ደብቀሽ ለማን ልታስቀሪው ነው?" አሉ ገና ከበሩ።

"ደክሞት ነው ሊቀመንበር፤ ይረፍ ብዬ ነው።"

"ንግሡ ካለፈ በኋላ ይረፋላ! ቲናጎዎች ከከተማ ተጫዋች ተከራይተው አምጥተዋል። እኛ የራሳችን ሥጋ እያለን እንሸነፍ?"

ኤልጁን ከጓዳ ወጣ። "ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው ውጪ መጫወት ከልክሎናል። ፈርመናል።"

"ማን ያይሃል? ማኒላ እኮ ከባሕሩ ማዶ ነው።"

"ሁሉም ሰው ስልክ አለው።"

"እኔ ስልክ የሚያወጣውን ሰው ራሴ እቀማዋለሁ!" ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ለእኔ ብቻ። "ልጁን አየሽው? ፊቱ እንደ ሐዘንተኛ ነው። አንድ ቀን ሰው ያጨብጭብለት። የሚወዱት ሰዎች መሃል ይጫወትና ልቡ ይመለስ።"

ይሄ ነገር ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላጨበጨበለትም። አንድ ጥሩ ጨዋታ ቢጫወት፣ አንድ ቀን ትከሻውን ቀና ቢያደርግ፣ ወደ ማኒላም ቀና ብሎ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። "ይጫወታል" አልኩ።

"እማዬ!"

"አንድ ቀን ነው ልጄ።"

አየኝ። እምቢ ሊለኝ ይችል ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሙቀቱ ሲሚንቶውን ያቃጥለዋል። ኤልጁንን እንዲጠብቅ ቲናጎዎች ያቆሙት ታስዮ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቦርጫም፣ ቁመቱ ከልጄ ደረት በታች የሆነ። ምላሱ ግን ከኳሷ ይፈጥናል።

"አንተ ልጅ፣ የላዩ አየር እንዴት ነው? ዝናብ ከመጣ ቀድመህ ንገረን፣ ልብስ አስጥተናል!"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ የእኛም ሰዎች።

ኤልጁን መጀመሪያ ኳሷን የተቀበለው ከቅርጫቱ ርቆ ነው። ጉልበቱን አጠፈ፣ ወረወረ። ሳተ። "ኧረ ግባ ወደ ውስጥ!" አለ አንዱ። ሁለተኛዋንም ከሩቅ ወረወረ፤ ቀለበቱን መትታ ወጣች። በሦስተኛው ታስዮን አልፋለሁ ብሎ ኳሷን አነጠራት። ታስዮ ጎንበስ ብሎ እንደ ማንጎ ለቀማትና ሄዶ አስቆጠረ።

"አመሰግናለሁ የኔ ልጅ! ለቤተሰብ ማሳደጊያ ትሁነኝ!"

"ማኒላ አበላሸችው!" አለች ከኋላዬ ያለች ሴት። "ልጃችንን ልከን ሌላ ሰው መለሱልን።"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ልጄ ሜዳው መሃል ቆሞ ትከሻው ጎብጧል። እንዲያጨበጭቡለት ያመጣሁት ልጅ፣ ራሱ መንደሩ እየሳቀበት ነው። ያኔ ተነሳሁ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

"ኤልጁን! ከሥር ግባ! እጅህን ስቀል! ኳሷን አታውርዳት!"

ዞሮ አየኝ። ከዚያ መንደሩ ተከተለኝ። ዓሣ ሻጩ፣ ቄሱ፣ ሊቀመንበሩ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ኤልጁን ሄዶ ከቅርጫቱ ሥር ቆመ። እጁን ሰቀለ። ኳሷን አቀበሉት፣ ከታስዮ ራስ በላይ ያዛት፣ ከተታት። ደግሞ ከተታት። ደግሞ። ታስዮ ቢዘልም ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው። አሸነፍን። ሊሸከሙት ሞከሩ፤ እግሩ መሬት እየጎተተ በሜዳው ዙሪያ አዞሩት። እኔም አለቀስኩ፣ በደስታ። ፊቱን ያየሁት በኋላ ነው፤ በአጠገቤ ሲያልፍ። እየሳቀ አልነበረም።

የስልኩን ነገር ሊቀመንበሩ እቀማለሁ ብለው ነበር። ቀድሞ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው የራሳቸው የእህታቸው ልጅ ሆነ።

አሰልጣኝ ዴልፊን የደወለው ለኤልጁን ነበር፤ አላነሳም። ቀጥሎ ለእኔ ደወለ።

"እናት፣ ቪዲዮውን አየሁት።"

"እኔ ነኝ ያስገደድኩት። እኔን ይቅጡኝ። እሱ ከልክለውናል ብሎ ነበር።"

"ደንቡን ይተዉት። ለደንቡ ቅጣት አለ፤ ተቀጥቶ ይመለስ ነበር፣ እኔም እከራከርለት ነበር።" ወደ ማራገቢያ የተጠጋ ይመስለኛል፣ ንፋስ ይሰማል። "ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ከሦስት ኳስ በላይ አልቆየም። ሲጮኹበት ወደ ድሮው ተመለሰ። የእኛ አዳራሽ ደግሞ ከእናንተ መንደር እጅግ የበለጠ ይጮሃል፣ እናት።"

"ሃያ ዓመቱ ነው እኮ። ገና ሊማር ይችላል። ረጃጅሞች ቶሎ አይደርሱም ይላሉ።"

"ሊችል ይችላል። አይችልም አላልኩም።" ድምፁ የደከመ ነበር። "እኔ ግን እሱን የምጠብቅበት ቦታ የለኝም። ለአንድ ረጅም ልጅ ነው ያለኝ ቦታ። አዝናለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ኤልጁን መረብ እየጠገነልኝ ነበር። ምንም ሳልነግረው "አውቃለሁ" አለኝ።

"ለምን ሰማኸኝ? ለምን ዝም በይ አላልከኝም?"

"እኔ እንጃ እማዬ። ድምፅሽን ስሰማ እግሬ ራሱ ሄደ።" ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገ። "ማኒላ እያለሁም፣ አዳራሹ ሲጮህ ያንቺ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ።"

ይህን ያለኝ ሊወቅሰኝ አይመስለኝም። እንደ ማንኛውም ነገር አድርጎ ነው የነገረኝ። ብወቀስ ይቀለኝ ነበር።

መንደሩ አላዘነም። "እሰይ፣ የእኛ ሆኖ ቀረ!" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ከአሳማው ጥብስ የተረፈውን ይዘው መጥተው። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ራሳቸው የቲናጎ ሰዎች መጡ፤ በሌላ መንደር ንግሥ ለሚደረግ ጨዋታ እሱን መከራየት ፈለጉ። ያመጣቸው ታስዮ ነው፣ በባጃጁ። "ግንቡ፣ ከእንግዲህ አንተን መጠበቅ ቀረልኝ። አሁን ከኋላህ ተጠልዬ ነው የምጫወተው" አለው። ኤልጁን ፈገግ አለለት። ልሄድ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አትሂድ አላልኩም።

አብሬው ሄድኩ። ሜዳው ባሕሩ ዳር ነው፤ ከመልህቅ ገመድ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ለራሴ ምዬ ነበር፤ አንዲት ቃል እንዳልናገር። ፎጣዬን አጣጥፌ አፌ ላይ ያዝኩ።

ከዕረፍት በኋላ ታስዮ ኳሷን ሰጠው፣ ከቅርጫቱ ርቆ ሳለ። ከፊቱ ማንም የለም። ሰዉ እዚህ አያውቀውም፤ የሚጮህበት የለም። የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ነበር። ኤልጁን ኳሷን ወደ ወገቡ አወረዳት። ጉልበቱ አጠፍ አለ፤ ጠዋት ጠዋት እንደማየው። ወርውራት፣ ብትስትም ወርውራት አልኩ በሆዴ፣ ፎጣዬን ነክሼ።

ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ዝም አልኩ።

ኳሷን ለታስዮ መለሰለት። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ወደ ቅርጫቱ ሥር ሄዶ ቆመ፤ ሁለት እጁንም ሰቀለ።