የቦዩ ዳር በር

የባልቴቲቱ ቤት ከቦዩ ዳር፣ ብስክሌተኞች ከሚያልፉበት የጠጠር መንገድ አጠገብ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ድምፅ የምትሰማው መንገዱን በሚዘጋው የእንጨት በር ምክንያት ነበር። በሩ ከባድ ስለነበር ሁሉም ከብስክሌቱ ወርዶ ይገፋው ነበር፤ ከወረደ ደግሞ “እንደምን ዋሉ እማማ?” ማለቱ አይቀርም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሠራተኞች መጡና በጎማ ነካ ሲያደርጉት የሚከፈት ቀላል በር ተከሉ። ብስክሌተኞቹም ሽው እያሉ ያልፋሉ፤ ለእሷ የሚተርፋት አቧራው ብቻ ሆነ።

ሦስት ቀን ቻለች። በአራተኛው የልብስ ማስጫ ገመዷን ፈትታ በሩን ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

ላብ ያጠመቀው አንድ ጎልማሳ ደርሶ ወረደ።

“እማማ፣ ይሄ ገመድ ለምንድን ነው?”

“ከብት እንዳያልፍ።”

“ከብቱ የታለ?”

“ይኸው፣ አንድ በሬ ቆሞ ይጠይቀኛል!”

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ቋጠሮውን ሲፈታ ግን ደጇ ላይ ያሉትን ሁለት ወንበሮች አየ፤ አንደኛው አቧራ ለብሷል። በሩን አልፎ ዞረና ገመዱን መልሶ፣ ደርቦ አሰረው።

“ጠበቅ ይበል እማማ፤ ከኋላዬ ሌሎች በሬዎች እየመጡ ነው።”

እሷም በነጠላዋ ጫፍ ወንበሩን ጠረገችና የጠጠሩን ድምፅ መጠበቅ ጀመረች።